ጂአር86 ልግዛ ወይስ ሙስታንግ? የአንባቢ ጥያቄና ምላሹ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ቶዮታ ጂአር86 የተባለውን ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ለመግዛት አስቤያለሁ። የስድስት ዓመት ልጅ አለችኝ። መኪናውን በየቀኑ ለሥራና ልጄን ለማመላለስ እጠቀምበታለሁ፤ በዓመት አንድ ሁለቴም የመኪና መሮጫ ትራክ ላይ ላወጣው እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ ግን ‹ቱርቦ የሌለው መኪና ደካማ ነው፤ 310 የፈረስ ጉልበት ያለው ሙስታንግ እያለ ለምን 228 ትወስዳለህ?› ይሉኛል። አንዱ ደግሞ ሞተሩ የሱባሩ ስለሆነ ቴስታታው መቃጠሉ አይቀርም ብሎ አስፈራራኝ። ኤምኤክስ-5፣ ኒሳን ዚ እና ሱፕራም ዝርዝሬ ውስጥ አሉ። በርካሽ የቀረበልኝ እ.ኤ.አ. የ2013 ጂቲ86ም አለ። የትኛው ይሻለኛል?»

ከዝርዝርዎ ውስጥ ሦስቱን አሁኑኑ ይሰርዙ። ማዝዳ ኤምኤክስ-5፣ ኒሳን ዚ እና ሱፕራ ያላቸው ሁለት ወንበር ብቻ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ቦታዋ ከኋላ ነው፤ የፊት ኤርባግ የተሠራው ለአዋቂ ቁመትና ክብደት እንጂ ለእሷ አይደለም። አንድ ቀን ተቸግሮ ከፊት ማስቀመጥ ሌላ፣ በየቀኑ ማመላለስ ሌላ። ኤምኤክስ-5ን መሰረዝ እኔንም ያሳዝነኛል። ወደ 1,060 ኪሎ ብቻ የሚመዝን፣ የመንገዱን ጠጠር ሳይቀር መሪው ላይ የሚያስቆጥር መኪና ነው። ብቻዎን ቢሆኑ ኖሮ ምላሼ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። አሁን ግን የቀሩን ጂአር86 እና ሙስታንግ ናቸው። በእነሱ ላይ እርስዎ ያላነሷቸውን ሁለት ልጨምር፦ የጂአር86 መንትያ የሆነውን ሱባሩ ቢአርዜድን እና ቢኤምደብሊው ባለ 2 ተከታታይ ኩፔን፣ ማለትም 230አይን።

ወደ ጓደኞችዎ ክርክር ልምጣ። የፈረስ ጉልበት ለብቻው ሲጠራ ብዙም አይናገርም፤ ስንት ኪሎ እንደሚገፋ አብሮ መጠራት አለበት። ጂአር86 በማንዋል ማርሽ ወደ 1,275 ኪሎ ይመዝናል። 228ቱን የፈረስ ጉልበት ለዚህ ስናካፍለው ለአንድ ቶን 179 ያህል ይደርሰዋል። እስከ 2023 የተሠራው ባለ 2.3 ሊትር ቱርቦ ሙስታንግ 310 ቢኖረውም ክብደቱ ወደ 1,600 ኪሎ ስለሆነ ለአንድ ቶን የሚደርሰው 194 ገደማ ነው። ወረቀት ላይ 82 የነበረው ልዩነት ወደ 15 ወረደ ማለት ነው። ሙስታንጉ አሁንም ይቀድማል፤ ቀጥ ባለ ሰፊ መንገድ ላይ ነዳጅ ሲረግጡት ያለ ማርሽ ቅነሳ ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከ300 ኪሎ በላይ የሆነው ትርፍ ክብደት ፍሬን በያዙ ቁጥርና ኩርባ በገቡ ቁጥር ዋጋውን ያስከፍላል። ዲስኩ ቶሎ ይግላል፣ የፍሬን ሸራው ቶሎ ያልቃል፣ የፊት ጎማዎቹ ጠርዝ ይበላል። ትራክ ላይ ግማሽ ሰዓት የነዳ ሰው ይህን ለማወቅ ማስረጃ አይፈልግም፤ ፍሬኑ እግሩ ሥር ሲለሰልስ ይሰማዋል።

«ቱርቦ የሌለው ደካማ ነው» የሚለው አባባልም የተምታታ ነው። ቱርቦ፣ ማለትም በጭሱ ግፊት ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው መሣሪያ፣ የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም በዝቅተኛ ዙር፣ ሞተሩ ገና በዝግታ ሲዞር፣ የሚገኝ ጉልበት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ እግርዎ የጠየቀውን በዚያው ቅጽበት ይመልሳል፣ ኩርባ መሃል ላይ ድንገት የሚመጣ ግፊት የለውም፤ ኃይሉን ግን ወደ ላይ ወጥተው መፈለግ አለብዎት። የጂአር86 ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚያወጣው በደቂቃ 7,000 ዙር ላይ ነው። 3,000 ላይ ማርሽ እየቀየሩ «ደካማ ነው» ብለው የሚመልሱት ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ሞተሩን ገና አልነኩትም ነበር። ከፍ ባለ ዙር መንዳት የማይወዱ ከሆነ ግን ይህን ሐቅ ከአሁኑ ይወቁት፤ መኪናው በዚህ ጠባዩ አይለወጥም።

አባባሉ እውነት የሚሆነው ለዚያ በርካሽ ለቀረበልዎ የ2013 መኪና ነው። ጂቲ86፣ የጂአር86 የመጀመሪያው ትውልድ፣ በ2012 ለገበያ ሲቀርብ የያዘው ባለ 2 ሊትር ሞተር ነበር። የሲሊንደሩ ስፋትና የፒስቶኑ ምልልስ ሁለቱም 86 ሚሊሜትር ናቸው፤ ስሙን ግን የወረሰው ከ1980ዎቹ የቶዮታ መኪና፣ ከኤኢ86፣ ነው። 200 የፈረስ ጉልበቱ ችግር የለውም። ችግሩ ከ3,500 እስከ 4,500 ዙር አካባቢ ጉልበቱ ወደ ጉድጓድ እንደገባ ዝቅ ማለቱ ነው፤ ያ ደግሞ ከባድ መኪና ለመቅደም ነዳጅ የሚረግጡበት ቦታ ነው። ከፍተኛውን የመጠምዘዝ ጉልበት፣ 205 ኒውተን ሜትር፣ ለማግኘት ከ6,400 ዙር በላይ መውጣት ነበረብዎት። በ2021 ይፋ የሆነው ሁለተኛው ትውልድ ይህን አክሟል፦ ሲሊንደሩ ወደ 94 ሚሊሜትር ሰፍቶ ሞተሩ 2.4 ሊትር ሆነ፤ 250 ኒውተን ሜትር ገደማ 3,700 ዙር ላይ ይገኛል። የፈረስ ጉልበቱ ጭማሪ 28 ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው ይንቀዋል። በየቀኑ ለሚነዳ ሰው ግን በሁለቱ ትውልዶች መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ይህ ነው።

የ2013ቱን እንዲተዉት የምመክርበት ሌላም ምክንያት አለ። በ2012 እና 2013 አካባቢ የተሠሩት ሞተሮች የቫልቭ ሞላቸው ሊሰበር ስለሚችል በ2018 መጨረሻ ላይ ለጥገና ተጠርተዋል። ሞላውን ለመቀየር ሞተሩን አውርዶ መፍታትና መልሶ በጥንቃቄ ማሸግ ያስፈልጋል፤ እጁ ያልሠለጠነ ባለሙያ የሠራው እንደሆነ ጥገናው ራሱ ሌላ ጣጣ ይወልዳል። መጠራቱን፣ መሠራቱንና የት እንደተሠራ የሚያሳይ ወረቀት የሌለው የ2013 መኪና ርካሽ ሊባል አይችልም።

ስለ ቴስታታው የሰሙት ወሬ ከሌላ ሞተር የመጣ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ባለ 2.5 ሊትር የሱባሩ ሞተር የቴስታታ ጋርኒሽኑ በእርግጥ ያስቸግር ነበር። በጂአር86 ውስጥ ያለው ግን ከዚያ በኋላ እንደ አዲስ የተነደፈ ቤተሰብ ነው፤ ቫልቮቹን የሚያዞረው እንኳ ቀበቶ መሆኑ ቀርቶ ሰንሰለት ሆኗል። ፒስቶኖቹ እንደ ቡጢኞች ፊት ለፊት ተጋድመው መሥራታቸው የሞተሩን ክብደት ወደ መሬት ያወርደዋል፤ መኪናው ኩርባ ላይ ያለመንገዳገዱ አንዱ ምስጢር ይህ ነው። ጉዳቱ የሚታየው ጋራዥ ውስጥ ነው። ካንዴላዎቹ በሁለቱ ጎኖች ከሻንሲው አጠገብ ስለተደበቁ፣ በሌላ መኪና ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ እዚህ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል።

ትክክለኛው ስጋት ሌላ ቦታ ነው፤ ትራክ ላይ አወጣዋለሁ ስላሉኝ ሰፋ አድርጌ ልንገርዎ። ሞተሩ ሲገጣጠም ኮፓውን፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ዘይት የሚጠራቀምበትን ሳህን፣ የሚያሽገው በጋርኒሽን ፋንታ ፈሳሽ ሲሊኮን ነው። ሲሊኮኑ በዝቶ የተቀባ እንደሆነ ትርፉ ወደ ውስጥ ይወጣል፣ ይደርቃል፣ እየተቆረሰ ዘይቱ ውስጥ ይወድቃል። ፓምፑ ዘይቱን ከኮፓው ሥር የሚስበው በአንዲት ቱቦ ነው፤ የቱቦዋ አፍ ላይ ወንፊት አለ፤ ቁርጥራጮቹ የሚለጠፉት እዚያ ላይ ነው። ኮፓው ሲወርድ ካየኋቸው አንዱ ላይ የጥፍር ቁራጭ የሚያክሉ አምስት ስድስት ግራጫ ስባሪዎች ነበሩ፤ ሌላው ላይ ምንም አልነበረም። ሁለተኛው ነገር ረጅም የቀኝ ኩርባ ነው። መኪናው በከፍተኛ ፍጥነት ሲዞር ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ የቱቦዋ አፍ ለቅጽበት አየር ይስባል፣ የዘይቱ ግፊት ይወርዳል። ክራንክሻፍቱ፣ ማለትም ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ የሚዞረው በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ ተንሳፍፎ ነው፤ ንጣፉ ሲጠፋ ብረት ከብረት ይገናኛል። ወንፊቱ በከፊል የተደፈነ ከሆነ ሁለቱ ችግሮች ይደራረባሉ።

ይህን የነገርኩዎት እንዲሸሹት አይደለም። በተለመደው መንገድ ላይ ዘይቱን እንደዚያ የሚያሸሽ ኩርባ የለም፤ መኪኖቹም ያለ እንከን እየሄዱ ነው። በዓመት ሁለቴ ትራክ ለሚወጣ ሰው ደግሞ መፍትሔው ቀላል ነው። የዘይቱ መጠን ከመውጣትዎ በፊት መለኪያው ላይ ካለው የላይኛ ምልክት ዝቅ ያለ መሆን የለበትም፤ ከየሩጫው በኋላም ሞተሩን አጥፍተው ጥቂት ቆይተው ይለኩ። የዘይት ግፊት መለኪያ ያስገጥሙ፤ ፋብሪካው የሰጠዎት ቀይ መብራት የሚበራው ጉዳቱ ከጀመረ በኋላ ነው። ዳሽቦርዱን ወደ ትራክ አቀማመጥ ሲቀይሩት የዘይቱን ሙቀት በቁጥር ያሳይዎታል፤ 120 ዲግሪን ካለፈ ቀዝቀዝ እስኪል በእርጋታ ይንዱ። የፍሬን ዘይቱን ከፍተኛ ሙቀት በሚችለው ይቀይሩ።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። የመጀመሪያው፣ በፍርሃት ብቻ ኮፓውን አያስከፍቱ። መልሶ የሚያሽገው ሰው አሮጌውን ሲሊኮን ሙልጭ አድርጎ ካልፋቀና አዲሱን በስሱ ካልቀባ፣ የሸሹትን ችግር በገዛ እጅዎ ያስገቡታል። ሁለተኛው፣ የውድድር ጎማ አያስሩበት። መኪናው ከፋብሪካ የሚወጣበት 215 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጎማ አስፋልቱን አለልክ እንዳይቧጭር ታስቦ የተመረጠ ነው። የሚጣበቅ ጎማ ሲያስሩ ኩርባው ላይ የሚፈጠረው የጎን ግፊት ይጨምራል፣ ዘይቱም በዚያው ልክ ይሸሻል። ሞተራቸው ተበላሽቶ ከመጡልኝ ባለቤቶች ጋር ቁጭ ብዬ ስነጋገር የጎማው ጉዳይ ደጋግሞ የሚነሳው ለዚህ ነው።

ስለ ኋላ ወንበር እውነቱን ልንገርዎ። ለአዋቂ አይሆንም፣ ለአጭር ጉዞም ቢሆን። ለስድስት ዓመት ልጅ ከፍ ማድረጊያ መቀመጫ ከተደረገላት ይበቃል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ከተሳፋሪው ወንበር ጀርባ ትቀመጥ። እርስዎ ከ1 ሜትር ከ80 በላይ ከሆኑ ከእርስዎ ጀርባ ጉልበት ማሳረፊያ አይተርፍም። በሩ ረጅም ስለሆነ ጠባብ ቦታ ላይ ሲያቆሙ እሷን ማስገባትና ማስወጣት በየቀኑ ያታግልዎታል። ከመግዛትዎ በፊት ልጅዎን ከነመቀመጫዋና ከነቦርሳዋ ይዘው ይሂዱና ራስዎ ሦስት ጊዜ ያስገቧት፤ ከሙከራ ጉዞው ይልቅ ይህ ብዙ ያስተምርዎታል። አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ግን ወንበሩ ይጠባታል። እንግዲህ መኪናው ለቤተሰብዎ የሚያገለግለው አምስት ዓመት ገደማ ነው ብለው ያስሉ። ወንበሩ ወደፊት ሲታጠፍ አራት ጎማ ከነቸርኬው መያዙ ግን ለትራክ ቀን የማይገኝ ጥቅም ነው።

ሌሎቹን ድክመቶች በአጭሩ ላንሳ። የጎማው ድምፅ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ለረጅም ጉዞ ያደክማል። ውስጡ የሚሰሙት የሞተር ድምፅ ከፊሉ በስፒከር የሚጨመር ነው። ሞተሩ 12.5 ለ 1 የሚጨምቅ ስለሆነ ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ይፈልጋል፤ ዝቅተኛውን በቋሚነት ቢሞሉለት ኃይሉን ይቀንሳል፣ በሙቀት ጊዜም ማንኳኳት ይጀምራል። ጥሩ ቤንዚን ማግኘት የማይችል ሰው ይህን መኪና ባይገዛ ይሻላል። አውቶማቲኩም አለ፤ ከቆመበት እስከ 97 ኪሎ ሜትር በሰዓት በ6.6 ሰከንድ ሲደርስ ማንዋሉ 6.1 ይፈጅበታል። የጊዜው ልዩነት ቁም ነገር አይደለም፤ አውቶማቲኩ ሞተሩን ከሚወደው ከፍተኛ ዙር ያወርደዋል፣ ስለዚህ መኪናው የተሠራበትን ደስታ ይቀንሳል።

ተፎካካሪዎቹ የሚበልጡበትን ቦታ መደበቅ አልፈልግም። ሙስታንግ ለረጅም ጉዞ ጸጥ ያለና የተመቸ ነው፣ በዝቅተኛ ዙርም ይጎትታል፣ የኋላ ወንበሩም ትንሽ ይሰፋል። ኑሮዎ በአብዛኛው ረጅም ቀጥተኛ መንገድ ቢሆን ኖሮ እሱን እመርጥልዎ ነበር። ባለ 2 ሊትሩ ቢኤምደብሊው 230አይ ከሁሉም በተሻለ የቤተሰብ መኪና ነው፤ ልጅዎ ጎረምሳ እስክትሆን ከኋላ ትቀመጥበታለች። ነገር ግን የአሁኑ ትውልድ በማንዋል አይሠራም፣ ክብደቱም ከሙስታንጉ አይተናነስም። የቱርቦውና የማቀዝቀዣው ቧንቧ መብዛት ዕድሜው ሲገፋ የጥገናውን ወጪ ከፍ ያደርገዋል። ቢአርዜድ ደግሞ ከጂአር86 ጋር ከአንድ ፋብሪካ፣ ጃፓን ጉንማ ውስጥ ከሚገኘው የሱባሩ ፋብሪካ የሚወጣ ነው። ሞተሩ ያው ነው፤ የሚለየው መኪናውን ጎማዎቹ ላይ የሚሸከመው ሞላ አቀማመጥ ነው። የጂአር86 የኋላ ክፍል ጠንከር ስለሚል ጅራቱ ቶሎ ይወጣል፣ ቢአርዜድ ረጋ ይላል። እርጥብ መንገድ ላይ ልጅ ጭኖ ለሚሄድ ሰው ይህ መረጋጋት ቀላል ነገር አይደለም። የትኛውንም ቢወስዱ ዝናብ ላይ የመንሸራተት መከላከያውን ቁልፍ አይንኩት።

ያገለገለ ሲመለከቱ ሻጩ ሞተሩን አስነስቶ እንዳይጠብቅዎት አስቀድመው ይንገሩት፤ ሲደርሱም መዳፍዎን ኮፈኑ ላይ ያድርጉ። ሞቅ ካለ ምክንያቱን ይጠይቁ። በቀዝቃዛ ሞተር ከአንድ ወደ ሁለት ማርሽ ሲያስገቡ መድረቁ የዚህ ካምቢዮ ጠባይ ነው፤ ከሞቀ በኋላም ከፈጨ ግን ይተዉት። በአንድ ወቅት «ትራክ አይቶ አያውቅም» የተባለ መኪና ለገዢ ስመረምር እጄን ከኋላው ፓራፋንጎ ውስጥ ሰድጄ ዳበስኩ፤ ቀልጠው የደረቁ የጎማ ፍርፋሪዎች እንደ ዶቃ ተደርድረው ተለጥፈዋል። የፍሬን ዲስኩም ወደ ሰማያዊነት ቀይሮ ነበር። መኪናው ትራክ መውጣቱ ለእኔ ጥፋት አልነበረም፤ ዘይቱ በየስንት ጊዜው እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ያለው ሰው ቢሆን ኖሮ ግዙት እል ነበር። ሻጩ የዋሸው በዚህ ከሆነ ስለ ዘይቱ የሚናገረውን ማን ያምነዋል? ገዢው ተወው። ቱርቦ የተገጠመለት፣ ኮምፒውተሩ የተነካካ ወይም ማርሚታው የተቀየረ መኪና ደግሞ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ አይግዙ።

ውሳኔዬ ይህ ነው። ከ2022 ወዲህ የተሠራ፣ ማንዋል፣ ምንም ያልተነካካ፣ የጥገና ወረቀቱ የተሟላ ጂአር86 ይግዙ፤ የተሻለ ወረቀት ያለው ቢአርዜድ ካገኙ ያለማመንታት እሱን ይውሰዱ። የ2013ቱን ይተዉት። በተጨማሪም ከመኪናው ዋጋ በተረፈው ገንዘብ ፈረስ ጉልበት ለመጨመር አያስቡ፤ የግፊት መለኪያውን፣ የፍሬን ዘይቱንና ጥሩ የፍሬን ሸራ ይግዙበት፣ የቀረውንም የትራክ አሠልጣኝ አጠገብዎ ተቀምጦ ለሚያሳልፈው አንድ ቀን ይክፈሉበት። ልጅዎን ከነመቀመጫዋ አስገብተው በሞከሩበት ቀን ግን ሦስተኛው ሙከራ ላይ ከሰለቻችሁ፣ ሁለታችሁም ብትሆኑ አንዳችሁ፣ ወደ 230አይ ይሂዱ።